መልኩና ጽሕፈቱ፦ ስለ አክሱም ሳንቲሞች የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል ጥንታዊ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመራችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከአያት የወረሳችሁት የማርያ ቴሬዛ ብር በቤታችሁ አለ፤ አንዳንዶቻችሁ የምኒልክን ብር ትፈልጋላችሁ፤ የአክሱም ሳንቲም ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙም አላችሁ። «ይህ ለክርስቲያን ይገባዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄያችሁ ደርሶኛል። ይገባል ብዬ ባልፍ የሚጎዳ ነገር አለ፤ አይገባም ብልም የሚቀር ትልቅ ትምህርት አለ። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ከወንጌል እንነሣ። ለቄሣር ግብር መስጠትን በተመለከተ ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ ጌታችን የግብሩን ገንዘብ እንዲያሳዩት ጠየቀ። ዲናር አመጡለት። እርሱም ስለ ሁለት ነገር ጠየቃቸው፤ በላዩ ስላለው መልክና ስለ ጽሕፈቱ። ሳንቲም ማንበብ የሚጀመረው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፤ ዛሬም በሙዚየም ያሉ ሊቃውንት የሚጠይቁት መጀመሪያ ይህንኑ ነው። ብዙዎች ያ ዲናር የጢባርዮስ ቄሣር ነበር ይላሉ። የጢባርዮስ ዲናር በአንድ ገጹ የንጉሡ ራስ አለበት፤ በዙሪያው በላቲን የተጻፈው ደግሞ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ ይለዋል። እንግዲህ በጠያቂዎቹ እጅ የነበረው ብር ንጉሥን የአምላክ ልጅ የሚያሰኝ ብር ነበር። ጌታችን አየው፣ አስተማረበት፣ የቄሣር የሆነው ወደ ቄሣር እንዲመለስ አዘዘ። ማየትና ማስተማር አለ፤ ለራስ ማስቀረት ግን የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። የአክሱም ነገሥታት የራሳቸውን ገንዘብ ማተም የጀመሩት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ቀዳሚው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ከእርሱ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሃያ ያህል ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ አሳትመዋል። በዚያ ዘመን እንደ ሮም በራሱ ንጉሥ ስም የወርቅ ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። አሠራሩ በእጅ ነው፤ የተቀረጸ ማተሚያ ከታችና ከላይ ይደረጋል፣ በመካከሉ የብረቱ ቁራጭ ይገባል፣ በመዶሻ ይመታል። ስለዚህ ሁለት ሳንቲሞች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የመዳቡ ሳንቲም ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ብዙ አይርቅም። ትዕግሥት የሌለው ሰው አያነበውም።

የንጉሥ ዒዛናን የመጀመሪያ ወርቅ እናንብብ። መልኩ፦ በሁለቱም ገጽ የንጉሡ ምስል ከደረት በላይ አለ፤ በአንደኛው ዘውድ ደፍቷል፣ በሁለተኛው ራሱን በጨርቅ አስሯል። በግራና በቀኙ የእህል ዛላ ከቦታል፤ ስንዴ ወይም ገብስ ነው። ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ ነገር አለ፤ ይህ የቀደመው አምልኮ ምልክት ነው። ጽሕፈቱ፦ በግሪክ ፊደል ዒዛና የአክሱማውያን ንጉሥ ይላል፤ ብእሴ ሐሌን፣ የሐሌን ሰው፣ የሚለውንም ይጨምራል። በዚያው ዘመን በድንጋይ ላይ ያስጻፈውን ብታነቡ ደግሞ ራሱን የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል። ከጢባርዮስ ዲናር ጋር አስተያዩት፤ አነጋገሩ አንድ ነው፤ ንጉሥ የጣዖት ልጅ ነኝ ይላል።

ከዚያ የኋለኛውን ወርቅ አንሡ። ንጉሡ ያው ዒዛና ነው። ዘውዱም አለ፣ የእህሉ ዛላም አለ። ጨረቃዋ ግን የለችም፤ በስፍራዋ መስቀል ገብቷል። በዓለም ላይ መስቀልን ዋና ምልክታቸው አድርገው ካሳተሙ ነገሥታት መካከል ዒዛና ከፊተኞቹ ነው።

ይህ ስለ ምን ይጠቅማል ቢሉ፤ የንጉሥ ልብ ምን እንደሚያምን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ንጉሥ በአደባባይ ምን እንዳወጀ ግን ሳንቲሙ ይናገራል። «ወርቁ በግሪክ የተጻፈው ለውጭ ነጋዴ ነው፤ መስቀሉም ሮማውያንን ደስ ለማሰኘት የተደረገ ነው» የሚሉ አሉ። ንግግራቸውን ልንንቅ አይገባም። የወርቁ ገንዘብ በእርግጥ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ በየመንና በህንድ ተገኝቷል። ነገር ግን መስቀሉ በመዳቡም ላይ አለ። መዳቡ በገበያ እህልና ጨው የሚገዛበት የሀገር ቤት ገንዘብ ነው። ሮማዊ ነጋዴ በመዳብ አይደለልም። ስለዚህ ምስክርነቱ ለእንግዳም ለባለሀገርም ነበር ብንል ከማስረጃው አንወጣም።

የንጉሡ ስም የሌለባቸው የመዳብ ሳንቲሞችም አሉ፤ በአንድ ገጽ ንጉሥ ብቻ ይላሉ፣ በሌላው ገጽ መስቀል አለ፣ በዙሪያውም በግሪክ ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ቃል ተጽፏል። እኔ ከአክሱም ገንዘብ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ጢባርዮስ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ይህ ንጉሥ ስሙን ትቶ ለሕዝቡ መልካም ይመኛል። ንጉሥ መሐደይስ ደግሞ በግዕዝ በዝ መስቀል ትመውእ ብሎ በመዳብ አሳተመ፤ በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ ማለት ነው፤ ስለ ቆስጠንጢኖስ ራእይ ለሚነገረው ታሪክ የሀገራችን መልስ ነው። በመጨረሻው ዘመን የነበረው ንጉሥ አርማሕም ለአሕዛብ ደስታ ይሁን የሚል ትርጉም ያለው የግዕዝ ቃል አስጽፏል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በሌላ ሀገር ገንዘብ ላይ የማይገኝ ነው። የአክሱም ሠራተኞች በአንዳንዱ ብርና መዳብ ላይ በአንድ ስፍራ ብቻ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ቀድሞ በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ከክርስትና በኋላ በመስቀሉ መካከልም። ድሃው በሚይዘው ሳንቲም ላይ የሚያብረቀርቅ ወርቅ ማኖር ትልቅ ድካም ነው፤ ትርፍም የለውም። ለምን እንዳደረጉት የጻፉልን ነገር የለም። እጃቸው ግን አክብሮ እንደ ሠራ ይታያል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስቀል በሳንቲም ላይ ስላየን ሃይማኖቱን ሁሉ አነበብን ማለት አይደለም። ሳንቲም ትንሽ ስፍራ ነው፤ ምሥጢረ ሥላሴን ሊያስተምር አይችልም። ነገር በሁለትና በሦስት ምስክር እንደሚጸና ታውቃላችሁ። አንደኛው ምስክር ሳንቲሙ ነው። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው፤ ዒዛና በአንድ የግዕዝ ጽሕፈት የሰማይን ጌታ ያመሰግናል፣ በአንድ የግሪክ ጽሕፈት ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል። ሦስተኛው ደብዳቤ ነው፤ በ356 እ.ኤ.አ. አካባቢ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጽፎ ነበር። ቆስጠንዮስ አርዮሳውያንን ይደግፍ ስለ ነበር በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተሾመውን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ የምንለውን፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲልኩለት ጠየቀ። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አብርሃና አጽብሐ የምትላቸውን ወንድማማቾች ብዙዎች ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር አንድ ያደርጓቸዋል። ሦስቱ ምስክሮች ሲገናኙ ሳንቲሙ የማይናገረውን ድንጋዩ ይሞላል፣ ድንጋዩ የማይናገረውን ደብዳቤው ይሞላል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ደረስን። ምስክር ከስፍራው ሲነቀል ምን ይሆናል? እንዱቢስን፣ መሐደይስንና ሌሎችንም ነገሥታት የምናውቃቸው በሳንቲማቸው ብቻ ነው። ማን ከማን በፊት እንደ ነገሠ የሚታወቀው ሳንቲሙ ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ሸክላ ጋር፣ ከየትኛው ሌላ ሳንቲም ጋር እንደ ተገኘ ሲመዘገብ ነው። በየመን አል-ማዳሪባ በሚባል ስፍራ ከ300 የሚበልጥ የአክሱም ወርቅ ከ800 ከሚበልጥ የሮም ወርቅ ጋር በአንድነት ተቀብሮ ተገኝቷል። የሮም ነገሥታት ዘመን ስለሚታወቅ ከእነርሱ ጋር የተገኙት የአክሱም ነገሥታትም ዘመናቸው በዚያ ተመዘነ። ያ ወርቅ በየአንዳንዱ ተሽጦ ቢበተን ኖሮ ይህ እውቀት አይኖርም ነበር። ሳንቲምን ያለ መዝገብ ከመሬት ቆፍሮ መሸጥ ከብራና መጽሐፍ አንድ ቅጠል ቀዶ እንደ መሸጥ ነው፤ ገዢው ቅጠሉን ያገኛል፣ መጽሐፉ ግን ለሁሉም ይጎድላል።

በአክሱም አካባቢ ገበሬ ሲያርስ ወይም ብርቱ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ሳንቲም ይወጣል፤ ለጎብኚ የሚሸጡ ልጆችም አሉ። በልጆቹ አልፈርድም፤ ችግር ያስገድዳል። በገዢው ግን እፈርዳለሁ፤ ገዢ ባይኖር ቆፋሪ አይኖርም። አካን በኢያሪኮ ለእግዚአብሔር የተለየውን ብርና ወርቅ አይቶ ተመኘ፣ በድንኳኑ ውስጥም ቀበረው። ከመውሰዱ በፊት ያለው ምኞት ነበር፤ ከመውሰዱ በኋላ ያለው መደበቅ ነበር። የሕዝብ የሆነውን ነገር ለብቻ መደበቅ ማኅበሩን ሁሉ እንደሚጎዳ ታሪኩ ያስተምራል። ሀገራችንም ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትም ክልክል ነው። በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችንም በጨረታ የአክሱም ሳንቲም ስታዩ ከየት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደ ወጣ የሚያስረዳ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት ከሌለው ተዉት፤ ወደ ሀገር እንመልሰዋለን በሚል በጎ አሳብ መግዛትም ያንኑ ገበያ ያሞቀዋል።

ታዲያ ምን እንሰብስብ? የሚሰበሰብ ሞልቷል። በ1936 ዓ.ም. የወጡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ሰብስቡ፤ ርካሽ ናቸው፣ የግዕዝ ቁጥርም ያስተምራሉ። የማርያ ቴሬዛን ብር ያላችሁ 1780 የሚለውን አይታችሁ ዕድሜው ያን ያህል ነው አትበሉ፤ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ዓመት በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ከአክሱሙ ደግሞ፣ ጌታችን ዲናሩን አይቶ እንዳስተማረበትና ለራሱ እንዳላስቀረው፣ ፎቶውን፣ ክብደቱንና ንባቡን ሰብስቡ። በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም፣ በአክሱምም ባለው ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሙንሮ-ሄይ ስለ እነዚህ ሳንቲሞች በሰፊው ጽፏል፤ ቋንቋውን የምታውቁ አንብቡት።

«እኔ ከአጎቴ የወረስሁት የአክሱም ሳንቲም አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ያለችው እኅታችን ጥያቄ ቀርቷል። መጀመሪያ አታጥቢው። አረንጓዴው ዝገት ያስጠላል፤ ነገር ግን በሎሚ፣ በአሸዋ ወይም በብሩሽ የሚፈትግ ሰው በመስቀሉ ላይ ያለችውን ያቺን ስስ ወርቅ አብሮ ያነሣታል፤ ፊደሉም ይጠፋል። በደረቅ ወረቀት ጠቅልለሽ አኑሪው። ሁለቱን ገጽ ፎቶ አንሺ። አጎትሽ ከማን፣ ከየት ቀበሌ፣ በየትኛው ዓመት እንዳገኘው የሚያውቁ ዘመዶች ሳሉ ጠይቀሽ በጽሑፍ አስፍሪ፤ ከሳንቲሙ ያላነሰ ዋጋ ያለው ይህ ወረቀት ነው። ከዚያም ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ወስደሽ አስመዝግቢው። ሌሎቻችሁ ለሚመጣው ሰንበት የአንድ የአክሱም ሳንቲም ፎቶ በትልቁ አሳትማችሁ ኑ፤ መልኩን እናንተ ትነግሩኛላችሁ፣ የግሪኩን ፊደል አብረን እንለቅማለን።