ኳስና የመርከብ ሠሪዎች ቅዳሜ

እህሉ ታጭዶ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን፣ ጎረምሶች የገና ጨዋታ ይጫወታሉ። ለጨዋታው ልክ ያለው ሜዳ የለም፤ ሰዓትም አይቆጠርም። የላዩ መንደር ከታቹ መንደር ይገጥማል፣ እስኪመሽ ይፋለማል። እንግሊዝ አገርም ድሮ ኳስ እንዲሁ ነበር።

ፋብሪካ ሲመጣ ግን ጊዜ ጠፋ። ሠራተኛው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማታ ይሠራል። እሑድ ደግሞ የጸሎት ቀን ነው፤ ኳስ መጫወት ነውር ነው። ታዲያ መቼ ይጫወት? በ1842 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ሕግ ወጣ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ። ያለ እነሱ ሥራው ስለማይሄድ ወንዶቹም አብረው ወጡ። ውሎ አድሮ ሌላውም ሠራተኛ ግማሽ ቀኑን አገኘ። በእንግሊዝ ጨዋታው ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ የመጀመሩ ልማድ የመጣው ከዚህ ነው።

በለንደን ቴምዝ በሚባል ወንዝ ዳር የብረት መርከብ የሚሠራበት ትልቅ ድርጅት ነበር። በ1887 ዓ.ም. የሠራተኞቹ የኳስ ቡድን ተቋቋመ። በ1892 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ ዌስትሃም ዩናይትድ ተባለ። መርከብ ሠሪው ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ፤ ቡድኑ ግን ዛሬም አለ። ዓርማው ላይ ያሉት ሁለት መዶሻዎች የመርከብ ብረት የሚመታባቸው ናቸው። አርሴናልም የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ማንቸስተር ዩናይትድም የባቡር ሠራተኞች ያቋቋሟቸው ናቸው።

ደስታ ብቻ አልነበረም። በስኮትላንድ፣ ግላስጎው አጠገብ፣ ጎቫን የሚባል የመርከብ ሠሪዎች ሰፈር ነበር። በ1894 ዓ.ም. እዚያ ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጋጠሙ ሕዝቡ ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ታጭቆ ነበር። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሏል። ጨዋታው ተጀምሮ ሳለ እንጨቱ ተሰበረ፤ ሰው በቀዳዳው ቁልቁል ወረደ። 25 ሰዎች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ለግማሽ ቀን ዕረፍት ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው እኮ ነው! ከዚያ ወዲህ መቆሚያው በአፈር ቁልል ወይም በሲሚንቶ ይሠራ ጀመር።

እኛስ ጋ? እኛ የመርከብ ፋብሪካ የለንም። ግን ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በኋላም የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ። የፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድንም ዋንጫ ወስዷል። ለድሬዳዋው የጥጥ ቡድን ከተጫወቱት አንዱ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ሙያው መካኒክነት ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን። ሁለተኛዋን የአቻ ጎል ያገባው ራሱ ሉቺያኖ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበሉ፣ ያ መካኒክ ነው።

ለውይይት፦
በእናንተ ቀበሌ ለጨዋታ የሚተርፍ ጊዜ መቼ ነው? ለሴቶችስ?