ካርታ በገንዘብ እንጫወትን?

በገና ማግሥት በመካከላችን የሆነውን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማችሁም ስም ሳንጠራ እንድንነግራችሁ ፍቀዱልን። 30 አባላት 50 ብር እየከፈልን ለደብረ ሊባኖስ ጉዞ ያዋጣነው 1,500 ብር ከአንድ ወንድማችን እጅ ነበር። እርሱም በዚያች ሌሊት በሰፈራችን ከሚገኝ አንድ ቤት ካርታ ሲጫወት የራሱን 100 ብር ተበላ፤ «የራሴን ብቻ ላስመልስ» ብሎም እጁን ወደ ጉዞው ገንዘብ ሰደደ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገንዘቡ አልቆ ነበር። የበላው ሌላ ሰው አይደለም፤ ከእኛው አንዱ ነው። የቀረነውም ከምንጣፉ ዙሪያ ተቀምጠን ስንስቅ ነበር። እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ቆመን ለመፍረድ አይደለም።

ካርታ ራሱ 52 ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር። ወንድማማቾች ተሰብስበው ያለ ገንዘብ ቢጫወቱበት ጊዜ ከማባከን በቀር ብዙ የምንለው የለንም። ጥያቄው የሚነሣው ብር ከምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ ነው።

በዚያች ሌሊት የተያዘው ጨዋታ በጣም ቀላል ነበር። አራት ሰዎች 10 ብር 10 ብር ያስይዛሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ካርታ ይስባል፤ ትልቁን የሳበ ሁሉንም ይወስዳል። በዚህ ውስጥ ብልህና ሞኝ እኩል ናቸው፤ «እኔ እችልበታለሁ» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ለመብራትና ለሻይ እያሉ ከየ40 ብሩ 2 ብር ያነሣሉ። 2 ብር ምን አላት? እስቲ እናስላት። በ50 ዙር 100 ብር ትሆናለች። አራቱ ሰዎች 100 ብር 100 ብር ይዘው ገብተው ከሆነ፣ በ50 ዙር የአንዱ ሰው ሙሉ ገንዘብ ማንም ሳያሸንፈው ከቤቱ ገባ ማለት ነው። በ200 ዙር የአራቱም ያልቃል። ካርታ ሳይስቡ የሚያሸንፉት ባለቤቱ ብቻ ናቸው።

ወንድማችንን የጎዳው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። የራሱ ሲያልቅ ካሸነፈው ጋር ለብቻቸው ቀሩና ማስያዣውን እጥፍ እያደረገ ሄደ፤ 100፣ 200፣ 400፣ 800። ሐሳቡ ሞኝነት አይመስልም፤ ከአራቱ አንዱን ብቻ ቢያሸንፍ የራሱን 100 ብር አስመልሶ ይነሣ ነበር። አራቱንም መሸነፍ ከ16 አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ነው። ታዲያ ያች አንዷ ጊዜ ስትመጣ የምትወስደው 1,500 ብር ነው! ማለትም 15 ጊዜ 100 ብር በማዳን የሚገኘውን በአንድ ጊዜ ትበላዋለች። ከሦስተኛው በኋላ «እስካሁን ስለ ተሸነፍኩ አሁን የእኔ ተራ ነው» ብሎ ነበር፤ እኛም «እውነት ነው» አልነው። እውነት አልነበረም። ካርታው ተደባልቆ እንደ ገና ከተሳበ አራተኛው ዕድል ከመጀመሪያው በምንም አይለይም።

የሒሳቡን ዕውቀት ማወቅ ብቻውን ሰውን እንደማያድንም ልብ እንበል። በ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያን የነበረው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ ስለ ዕድል ጨዋታ አስልተው ከጻፉ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1663 ነው። ሆኖም ይኸው ሰው ብዙ ዓመታት በቁማር እንዳሳለፈ በራሱ የሕይወት ታሪክ ላይ ተናዞአል።

በውይይታችን ጊዜ አንዲት እህታችን፦ «ዕቁብም በዕጣ አይደለም ወይ? ማትያስስ በዕጣ አልተመረጠም ወይ?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ ጥሩ ነበር፤ ብዙም አከራከረን። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የወጣለትም የከፈለውን ያህል ይቀበላል፤ የአንዱ ደስታ የሌላው ኪሳራ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ላይም ዕጣው የወደቀው ለአገልግሎት ነው፤ ማትያስ የማንንም ገንዘብ አልወሰደም። ለካርታው የሚቀርበው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተጻፈው የወታደሮቹ ዕጣ ይመስለናል። እነርሱ ስለ እጀ ጠባቡ ዕጣ ሲጣጣሉ መስቀሉ ከአጠገባቸው ነበር። እኛም በዚያች ሌሊት ካርታውን እንጂ የወንድማችንን ፊት አላየንም።

ስለ ቶምቦላ ግን አልተስማማንም። ለሕንፃ ማሠሪያ የሚሸጥ ትኬት የሚገዛ ሰው ስጦታ እየሰጠ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚገዛው ለሽልማቱ ነው የሚሉም አሉ። ይህን ለአባቶች እንጠይቃለን።

ስለ ካርታው የወሰንነው ይህ ነው፦ በሳንቲምም ቢሆን በገንዘብ አንጫወትም። «ለጨዋታ ያህል» የሚለውን ያልተቀበልነው ያች ሌሊትም በ10 ብር ስለ ጀመረች ነው። የማኅበሩም ገንዘብ ከእንግዲህ በሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጣል።

ያሸነፈው ወንድማችን 1,100 ብር መልሷል፤ 400ው አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ነበር ከዙሪያው የተቀመጥነው አምስታችን 80 ብር እየከፈልን ሞላነው። መኪናው ግን ለሌላ ማኅበር ተከራይቶ ስለ ነበር ለጥር 24 የታሰበው ጉዞ ወደ ግንቦት 12 ተላልፏል። የተበላው ወንድማችን እስካሁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት አልመጣም። ባለፈው እሑድ ሁለታችን ከቤቱ ሄደን ነበር፤ እናቱ እማማ በደስታ ተቀብለው ቡና አፈሉልን፤ እርሱ ግን ከጓዳ አልወጣም። ገንዘቡ መሞላቱን ለእናቱ ነግረን ተመለስን። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ገና እንሄዳለን።