ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት፦ ኮሌጅን መመዘኛ መመሪያ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ቤተሰቦች

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከግል ተቋማት ተፈታኞች መካከል ያለፉት ደግሞ 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ዕቁብ ጥለው፣ ከብት ሸጠው ለዓመታት የከፈሉ ወላጆች አሉ። በወደቀው ልጅ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሲመዘገብ ግን ትምህርት ክፍሉን ማን መዘነለት?

ኮሌጅ በስሙና በማስታወቂያው አይመዘንም። ልጅዎን የሚያስተምረው ትምህርት ክፍሉ ነው፤ የልፋቱን ማስረጃ የሚይዝለት ደግሞ ሬጅስትራሩ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ይመዝኑ። አንድ ደብተርና ሁለት ጠዋት ይበቃዎታል።

1. ፈቃዱን ከግቢው ጋር ያመሳክሩ

ተቋማቱን የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል ነበር። ፈቃድ ለተቋሙ በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለትምህርት አሰጣጡ ማለትም ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ አካውንቲንግ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ በዚያው ፈቃድ ቡራዩ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ ማስተማር አይችልም። በከተሞቻችን ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው።

ሰርተፊኬቱን ያስወጡና አራት ነገር ይጻፉ፦ የካምፓሱን አድራሻ፣ የፕሮግራሙን ስም፣ የአሰጣጡን ዓይነትና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ የአድራሻው አጻጻፍ ሊለያይ ይችላል፤ ያጠራጠረዎትን ከባለሥልጣኑ ያጣሩ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ፈቃድ አይደለም።

2. የመግቢያ መስፈርቱን ይጠይቁ

ለዲግሪ የሚያበቃውን የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወስነው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። «ውጤቱ ባይሞላም እናስተካክላለን» የሚል ካለ ደብተርዎን ዘግተው ይውጡ። ያለ መስፈርቱ የገባ ተማሪ ችግሩን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ፣ ማስረጃው ሲጣራ ነው።

3. የመውጫ ፈተና ውጤትን በትምህርት ክፍል ይዩ

የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው። «ኮሌጃችን ጥሩ አሳልፏል» የሚለው አይበቃም፤ የነርሲንጉ ውጤት ስለ ማኔጅመንቱ ምንም አይነግርዎትም። ልጅዎ ከሚማርበት ክፍል ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ፣ ቢያንስ የሁለት ዙር ይጠይቁ። መቶኛ ብቻ ከነገሩዎት የተፈታኞቹን ቁጥር አስከትለው ይጠይቁ፤ ከአራት ሁለት ማለፍና ከሁለት መቶ አንድ መቶ ማለፍ አንድ አይደለም።

4. ትምህርቱ በሚሰጥበት ቀን ይሂዱ

ቅዳሜ ለጉብኝት የተጸዳ ግቢ አያታልልዎት። በሥራ ቀን ሄደው ከመምህራኑ ስንቱ ቋሚ፣ ስንቱ በትርፍ ሰዓት የሚመጡ እንደሆኑ ይጠይቁ። ላቦራቶሪው ውስጥ ተማሪ አለ ወይስ ዕቃው አቧራ ለብሷል? ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለዚያ ትምህርት ክፍል የሚሆን መጽሐፍ አለ?

የተግባር ልምምዱንም አይርሱ። ሰበታ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪና የዓሣ ሀብት ምርምር ማዕከል አላት፤ ሱሉልታ ደግሞ ውኃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች አሏት። ኮሌጁ ተማሪ ለልምምድ ለመላክ ከማን ጋር እንደተዋዋለ ውሉን ያሳይዎት። ለማታ ተማሪ ደግሞ ትምህርቱ የሚያልቅበትን ሰዓት ታክሲ ከሚያቆምበት ሰዓት ጋር ያስተያዩ። ሁልጊዜ ከማለቂያው ቀድሞ የሚወጣ ልጅ የከፈለበትን ትምህርት አልተማረም።

5. ሬጅስትራሩን በመስኮቱ ይፈትኑ

ብዙ ቤተሰብ የሚዘለው ይህን ነው። ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ውጤት ከፈተና በኋላ በስንት ቀን ይገለጻል? ትራንስክሪፕትና ጊዜያዊ ዲግሪ በስንት ቀን ይሰጣል? ውጤት ቢሳሳት ቅሬታ ለማን ይቀርባል? የሚሰጡት መልስ በጽሑፍ ከተለጠፈ መልካም ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ከነገረዎት ግን አሠራር የለም ማለት ነው። ከዚያ ከበር ውጭ የቅርብ ምሩቅ ፈልገው ያንኑ ይጠይቁት።

ፋይናንሱን ደግሞ በደረሰኝ ይመዝኑ። ከወርሃዊው ክፍያ ሌላ የሚጠየቀውን ሁሉ፣ የመመዝገቢያውን፣ የድጋሚ ፈተናውንና የምረቃውን፣ በጽሑፍ ይቀበሉ።

6. ነጥብ ይስጡ

ከ3ኛው እስከ 5ኛው ላሉት ተራዎች፣ በማስረጃ ለታየ 2፣ በቃል ብቻ ለተነገረ 1፣ ለተሸሸገ 0 ይስጡና ቢያንስ ሁለት ኮሌጆችን ያወዳድሩ። ፈቃድና መግቢያ መስፈርት ግን ነጥብ የላቸውም፤ አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይመዝገቡ።

ለኮሌጅ ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የመንግሥት የጥራት ኦዲት ተቋሙን በአሥር ዘርፎች ይመለከታል፤ አስተዳደሩ፣ የተማሪ ድጋፉና የውስጥ የጥራት ማረጋገጫው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ኦዲተር እስኪመጣ አትጠብቁ። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በየሴሚስተሩ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም ለወላጅ ለጥፉ።

ወላጆች ሆይ፣ ጥያቄ ማብዛት ነውር አይደለም። ባንክ ከመሄድዎ በፊት ደብተሩን ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት።