ሃያ ጭፍራ በአንድ እጅ፦ ኦንላይን ውጊያ ለሚጀምር ወጣት

ልጄ፣ «ቶታል ዋር፦ ሮም 2»ን ከኮምፒውተሩ ጋር ተጫውተህ ስለጠገብክ አሁን ከሰው ጋር ልትገጥም ተነስተሃል አሉ። ጥሩ አሰብክ። ጌሙን የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ ያወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እስካሁን ኦንላይን ከሚጫወቱት ብዙዎቹ የእያንዳንዱን ጭፍራ ዋጋና ጉልበት በቃላቸው የሚያውቁ የቆዩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ከመግባትህ በፊት ጥቂት ልንገርህ።

ከኮምፒውተር ጋር ስትዋጋ ነገሩ ሲወሳሰብብህ ጨዋታውን ታቆመዋለህ፤ ሜዳውን ትቃኛለህ፤ ለሁሉም ትእዛዝ ሰጥተህ ትቀጥላለህ። ከሰው ጋር ግን ማቆም የሚባል ነገር የለም። እስከ 20 ጭፍራ ብታሰልፍም ዓይንህ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንዱን የሜዳ ጥግ ነው። ጀማሪ ወታደሩ ሳያልቅ ትኩረቱ ያልቅበታል፤ ሽንፈቱም የሚጀምረው ከዚያች ደቂቃ ነው። የምመክርህ ሁሉ ትኩረትህን እንዴት እንደምትቆጥብና የት እንደምታውለው ነው።

1. እጅህ የሚችለውን ጦር ግዛ።

ሁለታችሁም እኩል ገንዘብ ይሰጣችሁና ጦራችሁን በዚያ ትገዛላችሁ። የጀማሪ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በፓርቲያ ፈረሰኛ ቀስተኞች ወይም በካርቴጅ ዝሆኖች ላይ ነው። ሁለቱም በሠለጠነ እጅ ያስፈራሉ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከረሳሃቸው ግን ይጠፋሉ። አንተ በሮም ጀምር። የሮም ከባድ እግረኛ ቁም ስትለው ይቆማል፤ ግባ ስትለው ከመግጠሙ በፊት ጦሩን ራሱ ይወረውራል፤ አንተ ሌላ ቦታ ስትሠራም ሳይበተን ይጠብቅሃል።

ለመነሻ ይህን ሞክር፦ አዛዥ 1፣ ከባድ እግረኛ 9፣ የጠላት ፈረስ የሚመክቱ ትሪያሪ 2፣ ወርዋሪ 4፣ ፈረሰኛ 4፤ በድምሩ 20። ገንዘቡ ካልበቃህ ቁጥሩን ከመቀነስ ይልቅ ዋጋው ዝቅ ያለውን ዓይነት ውሰድ። ከሁሉ የረከሰውን ግን አትልቀም። እሱ ቶሎ ይሸሻል፤ የሚሸሽ ጭፍራ ሁሉ ደግሞ ዓይንህን ከሌላ ሥራ ይነጥቅሃል። ጦርህን በየውጊያው አትቀያይር። የእያንዳንዱን ጭፍራ ጠባይ እስክታውቅ ድረስ በአንዱ ጽና።

2. ሕጉን አስቀድመህ ጠይቅ።

ብዙ አስተናጋጆች በጌሙ ውስጥ ያልተጻፈ የራሳቸው ደንብ አላቸው። አንዱ «ዝሆን አይገባም» ይላል፤ ሌላው የቀስተኛውን ቁጥር ይወስናል። ከመጀመራችሁ በፊት በቻት ጠይቅ። ጀማሪ መሆንህንም ንገረው፤ ደግ ተጫዋች ከሆነ ከውጊያው በኋላ የት እንደሳትክ ያሳይሃል።

3. ዕቅድህን ፍልሚያው ሳይጀመር ጨርስ።

ጦር የምታሰልፍበት ጊዜ በነፃ የተሰጠህ የማሰቢያ ጊዜ ነው፤ አታባክነው። መጀመሪያ ጭፍሮችህን በቁጥር ክፈል፦ መርጠሃቸው የኮንትሮል ቁልፍን ከቁጥር ጋር ስትጫን በዚያ ቁጥር ይያዙልሃል። መሐል መስመሩ 1፣ ወርዋሪዎቹ 2፣ የግራ ፈረስ 3፣ የቀኝ ፈረስ 4፣ ደጀኑ 5 ይሁን። ሁልጊዜ ያው ይሁን፤ ጣትህ ሳታስብ እንድታገኘው። ከዚያ መሬቱን እይ። ኮረብታ ካለ ያዘው፤ ከላይ ወደ ታች የሚገባ ጦር ይበረታል፤ ወደ ላይ የሚሮጥ ግን ሳይገጥም ይደክማል።

የካርቴጁ የጦር አዛዥ ሐኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 በካናይ ሜዳ ሮማውያንን ሲገጥም ያደረገውን አስብ። ጋሎቹንና እስፓኞቹን በመሐል ወደ ፊት ጎበጥ አድርጎ አቆማቸው፤ የሠለጠኑትን አፍሪካውያን በሁለቱ ጫፍ አስቀመጣቸው። የሮም እግረኛ መሐሉን እየገፋ ሲገባ፣ አፍሪካውያኑ ከግራና ከቀኝ ዞረው ያዙት። ይህ ሁሉ የታሰበው አንድ ጦር ሳይወረወር ነው። ጦሩ ከተጋጠመ በኋላ ሐኒባልም ቢሆን ያን ሁሉ ሕዝብ እየዞረ ሊያዝዝ አይችልም ነበር።

4. ደጀን አስቀር።

ከእግረኛህ ሁለት ጭፍራ ከመስመሩ ጀርባ ይቁም። ጀማሪ ሥራ ፈትተው የቆሙ ወታደሮች ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉንም ይጥላቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ197 በኪኖስኬፋላይ፣ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ አንድ ትሪቡን የሚባል የሮም መኮንን ማንም ሳያዝዘው 20 ማኒፕል (ትንንሽ የእግረኛ ጭፍሮች) ይዞ ዞረና እያሸነፈ የነበረውን የመቄዶንያ ቀኝ ክንፍ ከኋላው መታው። ውጊያው በዚያ ተገለበጠ። በጌሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ትሪቡን የለህም። ጭፍሮችህ ካላዘዝካቸው ጎናቸው ሲሞት ቆመው ያያሉ። ስለዚህ የትሪቡኑን ሥራ የምትሠራው አንተ ነህ፤ የምትሠራበትንም ኃይል አስቀድመህ ለይተህ ማስቀመጥ አለብህ።

5. ወርዋሪን በርቀቱ ተጠቀምበት።

ወንጭፍ ከሩቅ ይደርሳል፤ ብረት የለበሰ ላይ ግን ብዙ አይሠራም። ጦር ወርዋሪ ጠጋ ማለት አለበት፤ ሲያገኝ ግን ጥሩሩንም ይበሳል። የጠላት ጋሻ በፊቱ ስለሆነ ከፊት የሚወረወረው ብዙው ይባክናል። ዋናው መስመር ከተያያዘ በኋላ ወርዋሪዎችህን ዞር አድርገህ ከጀርባ አስወርውራቸው። ከራስህ ሰዎች ኋላ ትተህ በፈቀዱት ጊዜ እንዲወረውሩ ከለቀቅካቸው የገዛ ወገንህን ጀርባ ይወጋሉ።

6. ረጅም ጦር ፊት ለፊት አትግጠም።

የመቄዶንያ ሳሪሳ ወደ 6 ሜትር የሚደርስ ጦር ነው። ይህን ጦር የያዘው ጥቅጥቅ ሰልፍ፣ ፋላንክሱ፣ ተሰልፎ ጦሩን ሲዘረጋ ከፊት የሚገባበት የለም። ሌጌዎን ይዘህ ብትገባ ወንዶችህ ጎራዴያቸው ሳይደርስ ያልቃሉ። ድክመቱ መዞር አለመቻሉ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 በፒድና፣ ፋላንክሱ ሮማውያንን እየገፋ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲደርስ መስመሩ ተሰነጣጠቀ፤ ሮማውያን በትንንሽ ቡድን በየስንጥቁ ገብተው ፈጁት። አንተም እንዲሁ ፊት ለፊቱ ጥቂት ጭፍራ አቁምለት፤ እያፈገፈጉ ጊዜ ይግዙልህ። የቀረው ከጎንና ከኋላ ይግባ። ሁለት ቦታ መሥራት ግድ የሚሆንብህ እዚህ ላይ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተወው።

7. የሚሸነፈው የሸሸ ነው፤ ባንዲራውን ተመልከት።

በዚህ ጌም ጭፍራ እስከ መጨረሻው ሰው አይዋጋም። ድካም፣ ከጎንና ከኋላ መመታት፣ የአጠገቡ ወገን መሸሽ፣ የአዛዡ ሞት እየተደማመሩ ሞራሉን ይጥሉታል፤ ከዚያ ነጭ ባንዲራ አውጥቶ ይሮጣል። ስለዚህ ስንት ገደልኩ እያልክ አትቁጠር። የማን ባንዲራ ሊወድቅ ነው ብለህ እይ። የጠላት አንድ ጭፍራ ሲንገዳገድ ካየህ ያለ የሌለ ትኩረትህን እዚያ አውል፤ እሱ ሲሸሽ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። አዛዥህን ግን ለጀግንነት አታስገባው። ሞራል የሚሰጠው በቅርብ ቆሞ ነውና ከመስመሩ ጀርባ መሐል ላይ ይቀመጥ። ጦርህንም ከዳር እስከ ዳር አታስሩጥ፤ የደከመ ወታደር ሙሉ ቁጥሩን ይዞ ይሸነፋል።

8. ፈረስ ይምታ፣ ይውጣ፣ ይመለስ።

የፈረሰኛ ኃይሉ በመግጠሚያዋ ቅጽበት ነው። እዚያው ቆሞ ከእግረኛ ጋር ከተማዘዘ ይመነምናል። በሁለት ክንፍ ሲሠራ ይህን ይመስላል፦ 3ን ተጭነህ የግራ ፈረሶችህን በጠላት መስመር ጀርባ ከርቀት አስነሳ። ሲገጥሙ ጥቂት ሰከንድ ስጣቸውና ወደ ኋላ እንዲወጡ እዘዝ። እነሱ እየወጡ ሳለ 4ን ተጭነህ የቀኞቹን አስገባ። የቀኞቹ ሲገጥሙ ወደ 3 ተመለስና የወጡትን አዙር። በየመሐሉ አንዴ መሐል መስመሩን ቃኝ። ይህን ዙር ከኮምፒውተር ጋር ጨዋታውን ሳታቆም እጅህ እስኪለምደው ድረስ ተለማመድ።

የሸሸ ፈረሰኛ ማሳደድ ግን የጀማሪ ሁሉ መጥፊያ ነው። በካናይ ሐስድሩባል የተባለው የካርቴጅ አዛዥ የሮምን ፈረሰኛ ሲበትን ማሳደዱን ለአጋሮቹ ለኑሚድያ ፈረሰኞች ትቶ የሮምን እግረኛ ከኋላ መታ፤ ወጥመዱ የተዘጋው በዚህ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217፣ በጋዛ አጠገብ በራፊያ፣ የሶርያው ንጉሥ አንቲዮኮስ 3ኛ በቀኝ በኩል ድል አድርጎ የሸሹትን እየተከተለ ራቀ። ሲመለስ መሐሉ ተሰብሮ ጠበቀው፤ ድሉ የግብፁ ፕቶለሚ 4ኛ ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? አንቲዮኮስ ግን የሚለቅመውም አላገኘ።

9. ፈረሰኛ ቀስተኛን አትከተል።

ከፓርቲያ ጋር ከተገናኘህ ሊያናድድህ ነው የመጣው። ይወጋል፣ ይሸሻል፣ እየሸሸም ይወጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 በካራይ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለ ቦታ፣ የሮማዊው የጦር አዛዥ የክራሱስ ልጅ ፑብሊዩስ 1,300 ፈረሰኛ፣ 500 ቀስተኛና 8 ኮሆርት ይዞ የሸሹ የመሰሉትን ተከተለ። ከአባቱ ጦር ከተለየ በኋላ ከበቡትና አለቀ። ሮማውያን የፓርቲያ ቀስት እስኪያልቅ መጠበቅ ፈልገው ነበር፤ የፓርቲያው አዛዥ ሱሬና ግን በግመል የተጫነ ቀስት አዘጋጅቶ ነበር። በጌሙ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እግረኛህን ሰብስበህ ዳር ዳሩን ዝጋ፤ ቀስተኛና ወንጭፈኛህን በመሐል አድርግ። በእግር የቆመ ቀስተኛ ከፈረሰኛው ጋር ሲወራወር ይረታል። ፈረሶችህ ደግሞ የሚነሱት ጠላት በሜዳው ጠርዝ ሲጠብበት ብቻ ይሁን።

10. ለዝሆን መንገድ ክፈትለት።

ዝሆን ሲመጣ ጀማሪ ይደነግጥና መስመሩን ያጠባል። ተቃራኒውን አድርግ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 በዛማ፣ ሐኒባል ከ80 በላይ ዝሆን ሲለቅበት የሮሙ አዛዥ ስኪፒዮ ጭፍሮቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ አሰልፎ በመሐላቸው መተላለፊያ ትቶ ነበር፤ ብዙዎቹ በዚያ አለፉ። አንተም ክፍተት ተው፤ ጦር ወርዋሪዎችህን ሁሉ በዝሆኑ ላይ አውል፤ ፈረስህን አርቅ። ሞራሉ ሲሰበር ያብድና ያገኘውን ይረግጣል፤ ጠላቱን ከወገኑ አይለይም።

በራፊያ የሆነውም ይኸው ነው። እንደ ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ አጻጻፍ ፕቶለሚ 73፣ አንቲዮኮስ 102 ዝሆን አሰልፈው ነበር። የፕቶለሚዎቹ ዝሆኖች የሚታደኑት በቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ ነበር፤ በአዱሊስ የነበረው የፕቶለሚ 3ኛ የድንጋይ ጽሑፍም ይህን ያወሳል። እነዚህ የኛው ሰፈር ዝሆኖች የአንቲዮኮስን የሕንድ ዝሆኖች ሽታና ጩኸት አልቻሉም፤ ወደ ኋላ ተመልሰው የራሳቸውን ሰልፍ አወኩ። አክሱምን ይዘህ መዋጋት ካማረህ ደግሞ በ«ሮም 2» አትፈልጋት፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ለ«ቶታል ዋር፦ አቲላ» በወጣው ጭማሪ ውስጥ ታገኛታለህ። እሱ ግን እዚህ እጅህ ከለመደ በኋላ ይሁን።

11. መብራቱንና ምግባርህን አሰናዳ።

ላፕቶፕህ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት ሲሄድ ራውተሩም እንደሚሄድ አትርሳ። ኔቱ ሲዘገይ ትእዛዝህ ዘግይቶ ይደርሳልና ፈረሱን ከወትሮው ቀደም አድርገህ አውጣ። መስመር ተቆርጦብህ ከወጣህ በኋላ ስትመለስ ለባላጋራህ አስረዳው። እየተሸነፍክ ጥለህ መውጣት ግን ነውር ነው፤ ሰውየው ጊዜውን ሰጥቶሃል። እስከ መጨረሻው ተዋግተህ «ጉድ ጌም» በል።

12. የተሸነፍክበትን ቅጂ መልሰህ እይ።

ውጊያው ሲያልቅ ቅጂውን አስቀምጥ። ወዲያው ክፈተውና የመጀመሪያው ጭፍራህ የሸሸበትን ደቂቃ ፈልግ። ከዚያ «በዚያች ደቂቃ እኔ የት ነበርኩ?» ብለህ ጻፍ፤ ካደረ ትረሳዋለህ። አንዱ ቀን «ፈረስ እያሳደድኩ»፣ ሌላው ቀን «ወርዋሪ እያስተካከልኩ» ይሆናል መልሱ። በተከታታይ ሦስት ውጊያ ያው መልስ ከመጣ ሌላ ጦር ለመግዛት አትሩጥ። በአራተኛው ያንኑ አንድ ነገር ብቻ ላለማድረግ ወስነህ ግባ፤ ብትሸነፍም ሽንፈቱ አዲስ ዓይነት ይሁን።