ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ታማሚውን ከአልጋ ማስነሣት፦ መመሪያ ለአስታማሚ

የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ትእዛዝ አይጠፋም፦ «ተው አትነሣ፣ ዕረፍ!» እናት ትለዋለች፣ ጎረቤት ትደግመዋለች፣ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ያጸናዋል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ ታማሚውን የሚጎዳውም ይኸው ቃል ነው። በጀርባው ተንጋሎ የሚውል ሰው የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር በደንብ አያገኝም፤ አክታ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይከተላል። እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ጡንቻውም ይሟሽሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሰው ተገኝተዋል። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ነገሩን የተረዱት ዘግይተው ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ሳምንታት ሙሉ ከአልጋ እንዳይወርድ የሚታዘዝበት ዘመን ነበር። ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚጠቅም የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬ በልብ ቀዶ ሕክምናም ልማዱ ይኸው ሆኗል፤ የከፋ ችግር ካልገጠመው በስተቀር ታማሚው በማግስቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በአገራችን ልባቸው ከሚከፈት ሰዎች ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ባስከተለው የሩማቲክ በሽታ ቫልቫቸው የተበላሸ። ሕክምናውን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ያግኙት ወይም እስራኤል ሆሎን ከተማ ባለው የወልፍሰን ሕክምና ማዕከል፣ ቤት ሲገቡ አብሯቸው የሚሆነው ፊዚዮቴራፒስት ሳይሆን አስታማሚ ነው። ስለዚህ የሚከተለው ለእርስዎ ለአስታማሚው የተጻፈ ነው። ሐኪሙ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን የሐኪሙ ቃል ይቀድማል።

መጀመሪያ ትንፋሽ

ታማሚው ነቅቶ ባለበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ በረጅሙ ይተንፍስ። አየሩን በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይሳብ፣ ለ3 ሰከንድ ያህል ይያዝ፣ በአፉ ያውጣ። ሆስፒታሉ ኳስ ያላት የትንፋሽ መለማመጃ ዕቃ ከሰጠው በእሷ ይሥራ፤ አየሩ የሚሳብባት እንጂ የሚነፋባት አይደለችም። ከዚያ ያስሉት። ጋቢ ወይም ትንሽ ትራስ አጣጥፈው ደረቱ ላይ ያድርጉለትና በሁለት ክንዱ አጥብቆ አቅፎ ሁለት ሦስቴ ከውስጥ ይሳል። ስፌቱ የሚፈታ ስለሚመስለው ይፈራል፤ በእቅፉ እስከደገፈው ድረስ አይፈታም።

የታዘዘውን ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይስጡት። «ቻለው» ማለት እዚህ ጋ አይሠራም፤ ያመመው ሰው አይስልም፣ ካልሳለ አክታው አይወጣም።

ከአልጋ አነሣሥ

ብዙ አስታማሚ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ልቡ ጋ የደረሰው የደረቱን አጥንት መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው፤ ሲጨርስ በሽቦ ሰፍቶታል። አጥንቱ ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በደንብ ለመጠንከር ደግሞ 3 ወር ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ታማሚውን እጁን ይዞ ወይም ብብቱ ሥር ገብቶ መጎተት ሁለቱን የአጥንት ክፋዮች ወዲህና ወዲያ እንደ መሳብ ነው። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ጉልበቱን አጥፎ፣ ጋቢውን እንዳቀፈ፣ ትከሻውና ዳሌው አንድ ላይ ሆነው ወደ ጎኑ ይዙር።

2. ሁለቱን እግሮቹን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ያውርድ። የእግሩ ክብደት ራሱ ወገቡን ማንሣት ይጀምራል።

3. በዚያው ቅጽበት ከታች ያለውን ክርኑን ጎኑ ላይ እንዳስጠጋ ቀለል አድርጎ ይደገፍበት። እርስዎ አንድ እጅዎን ከትከሻው ጀርባ፣ ሌላውን ጉልበቱ ጋ አድርገው ይርዱት። ወደ ላይ አይሳቡት፤ ከኋላ ደገፍ ያድርጉት።

4. ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ። ራሱን ካዞረው ወይም ላብ ካጠመቀው መልሰው ያስተኙት፤ ሆስፒታል ውስጥ ከሆኑ ነርሷን ይጥሩ።

5. ለመቆም እግሮቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በጭኑ ኃይል ይነሣ። እጁ ጋቢው ላይ ይቆይ።

ሲተኛ ያንኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ዝቅ ያለ ሶፋና ዱካ እንዲህ ለመነሣት አይመቹም፤ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ያዘጋጁለት። የቤቱ ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ከሆስፒታል ሳይወጣ ይታሰብበት፤ መቀመጫው የተቦረቦረ ወንበር አናጺ በቀላሉ ይሠራል። ማስታገሻ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሆድ ያደርቃል፣ ማማጥም አይፈቀድለትም።

ሆስፒታል ውስጥ

በማግስቱ ወንበር፣ በ2ኛው ቀን በአልጋው ዙሪያ ጥቂት ርምጃ፣ በ3ኛውና በ4ኛው ኮሪደር ለኮሪደር፣ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ፎቅ ቤት የሚኖር ከሆነ ደረጃ። ካልተወሳሰበ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አካባቢ ይወጣል። በእነዚህ ቀናት የልብ ምት መዘበራረቅ የተለመደ ነውና «ልቤ ይርገበገባል» ካለ ቁም ነገር አድርገው ለነርስ ይንገሩ።

ቤት ከገባ በኋላ

ሜዳ በሆነ ቦታ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በመሄድ ይጀምር። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት፤ በ6ኛው ሳምንት ግድም ሳያቋርጥ 30 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። የልብ ምት የሚለካ ሰዓት አያስፈልግም፤ እየሄደ ማውራት ከቻለ ልኩ ነው፣ ቃል በቃል እየቆረጠ ከተናገረ ፍጥነቱን ይቀንስ። ምግብ በልቶ ወዲያው አይውጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጤነኛውንም የምታስተነፍስ ከተማ ነችና የሽሮ ሜዳን ዳገት ለኋላ ያቆዩት።

እስከ 3 ወር ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አያንሣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማይታሰብ ነው፤ ልጅ ማዘልም እንደዚሁ። የታክሲ በር ስቦ አይክፈት። በትከሻ እየተጋጩ ሰላም መባባል ይቅር፤ ይህን ለጠያቂው የሚነግሩት እርስዎ ነዎት፣ ታማሚው ያፍራል። ሰጋጅ ከሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጸልይ፤ ግንባር መሬት ሲነካ የሰውነት ክብደት እጅና ደረት ላይ ያርፋል። ጠበልም ቢሆን ቁስሉ እስኪደርቅ አይነከርበት፤ መድኃኒቱም በጠበል ምክንያት አይቋረጥ። ጠያቂ ይብዛ፣ ጉንፋን የያዘው ግን በስልክ ይጠይቅ።

ክንዱን ጨርሶ እንዳያነሣ የሚከለክሉ አሉ፤ ያ ደግሞ ትከሻውን ያደርቀዋል። ክርኖቹን ወደ ጎኑ አስጠግቶ ፀጉሩን ማበጠር፣ ፊቱን መታጠብ፣ እንጀራውን ራሱ ቆርሶ መብላት ይችላል፤ ይገባዋልም። አያጉርሱት!

ደም ማቅጠኛው

ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ማታ ማታ በአንድ ሰዓት ይዋጥ፤ ከተረሳ በማግስቱ እጥፍ አይወሰድ። መጠኑ የሚስተካከለው አይኤንአር በሚባለው የደም ምርመራ ሲሆን ቁጥሩ እንደ ቫልቩ ዓይነትና ቦታ ይለያያል፤ ለብዙዎች ከ2 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ነው። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ይህ ማለት ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ መጠኑ አይዋዥቅ ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ጎመን በየቀኑ እየበሉ በፋሲካ ድንገት ማቆም ቁጥሩን ያናጋዋል፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ይመርመር። ዳይክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ አይገዙ፣ ያደማሉ። ለሩማቲክ በሽታው የሚሰጠውን የየወሩን የፔኒሲሊን መርፌ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይወስድ ከነበረ ቫልቭ ስለተቀየረ አይቆምም፤ መርፌ የሚወጋው ባለሙያ ግን ዋርፋሪን መኖሩን ይወቅ። ሴት ከሆነችና መውለድ ካሰበች ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል።

ሌሊት ጸጥ ሲል ከደረቱ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የቫልቩ ድምፅ ነው፤ ይለመዳል። ሊያሳስብ የሚገባው ድምፁ ድንገት ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭም አለ፤ በአብዛኛው እየቀለለ ይሄዳል። ካልቀለለ በቀጠሮው ይነሣ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል፣ ሲሳል ወይም ሲዞር የደረት አጥንት መንቋቋት፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ ራስን መሳት፣ በአንድ ቀን 1 ኪሎ ወይም በሳምንት 2 ኪሎ መጨመር፣ የማይቆም ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የቫልቩ ድምፅ መለወጥ። አንዱን እንኳ ካዩ በዚያው ሰዓት የመድኃኒቱን ካርድ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።