ዘይት የነካው ዓሣ በምን ይታወቃል?

ነዳጅ ዘይት የጫነ መርከብ ሲሰበር በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቁር ዘይት ማንም ሰው ያየዋል። ዘይቱ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ግን በውሃው ውስጥ የሚኖረውን ዓሣ አሁንም እየነካው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው የዓሣውን ሥጋ መመርመር ነው። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። በዘይት ውስጥ ካሉት መርዞች ዋነኞቹ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት ናቸው፤ ዓሣም እነዚህን ቶሎ ለውጦ ከሰውነቱ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ሥጋው ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ዓሣው መርዙን አላገኘውም ለማለት አያስችልም።

ማስረጃው የሚገኘው በጉበትና በሐሞት ነው። መርዙ ከጉበት ሲደርስ ከአንድ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም ምክንያት ሲ ዋይ ፒ 1 ኤ የተባለው ኤንዛይም በብዛት ይሠራል። የኤንዛይሙ ተግባር መርዙ በውሃ እንዲሟሟ አድርጎ መለወጥ ነው፤ የተለወጠውም ወደ ሐሞት ይወርዳል። ሊቃውንቱ ከጉበቱ ጥቂት ወስደው ኤቶክሲሪዞሩፊን የተባለውን ኬሚካል ይጨምሩበታል። ኤንዛይሙ ይህን ኬሚካል ሲለውጠው የሚያበራ ነገር ይወጣል፤ የብርሃኑም መጠን የኤንዛይሙን ብዛት ያመለክታል። በሐሞቱም ውስጥ ያለው የመርዝ ቅሪት በልዩ ብርሃን ሲመረመር ያበራል። ጄ. ኤፍ. ፔይን የተባሉት ተመራማሪ የዚህ ዓይነቱ ኤንዛይም መጨመር የባሕርን የነዳጅ ብክለት ለመከታተል እንደሚያገለግል በ1976 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል።

የዚህን ጥቅም በአላስካ እንመልከት። ማርች 24 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ኤክሶን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ በፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ጠርቶ ሲታይ፣ ከዳርቻው ጠጠር በታች የተቀበረ ዘይት ገና ነበር። ከአደጋው አሥር ዓመት ገደማ በኋላ በዳርቻው የሚኖሩ ዓሦች ጉበትና ሐሞት ሲመረመር፣ ዘይት የነካው ስፍራ ዓሦች ካልነካው ስፍራ ዓሦች የበለጠ ምልክት አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ዳዮክሲንና አንዳንድ የፒ ሲ ቢ ዓይነቶችም ይህንኑ ኤንዛይም ያበዛሉ። እንቁላል ለመጣል በደረሰች እንስት ዓሣ ደግሞ ኤንዛይሙ ይቀንሳል። ሳይበላ የቆየ ዓሣ ሐሞቱ ስለሚጠራቀም የቅሪቱ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወቅት የተያዙ፣ ዘራቸውና ጾታቸው አንድ የሆኑ ዓሦችን ከንጹሕ ስፍራ ዓሦች ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። ከዚህም ሌላ ምልክቱ መርዙ ወደ ዓሣው መግባቱን እንጂ ዓሣው መታመሙን ብቻውን አያረጋግጥም።

እንግዲህ «ዘይቱ ጠፍቷል፤ ባሕሩ ድኗል» የሚል ቃል ስንሰማ፣ በምን ተመርምሮ እንደ ተባለ መጠየቅ ይገባናል። በዓሣ ለሚተዳደር ሕዝብ የካሣውም የኑሮውም ጉዳይ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነውና።