ስለ ሾሉ ጅራቶች

ልጆች ሆይ፤ የላም ጅራት ዝንብ ያባርራል፤ የውሻም ጅራት ደስታውን ለጌታው ይነግራል። ይህን በየቀኑ በደጃችሁ ታዩታላችሁ። በዱርና በገደል፥ በድንጋይም ሥር ከሚኖሩት እንስሳት መካከል ግን ጅራታቸው እንደ ወስፌ የሾለ አሉ። ሰው የሾለ ነገር ባየ ጊዜ፥ «ይህ ለመውጋት የተሠራ ነው» ብሎ ፈጥኖ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ እውነት እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ፥ እስኪ አንድ በአንድ እንመርምር።

ግንደ ቆርቁር

በማለዳ በዱር ዳር ስታልፉ፥ አናጢ እንጨት የሚመታ የሚመስል ድምፅ ከዛፍ ላይ ትሰሙ ይሆናል። የምትመታው ግንደ ቆርቁር የምትባለው ወፍ ናት። ቅርፊቱን በመንቁርዋ እየበሳች፥ በውስጡ የተሸሸጉትን ትሎች በረዥም ምላስዋ አውጥታ ትበላለች። ከእነዚህ ወፎች አንዲቱ ወገን፥ ጀርባዋ ወርቅ የሚመስለው፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ትገኛለች።

ሌሎች ወፎች በቅርንጫፍ ላይ ያርፋሉ፤ ግንደ ቆርቁር ግን ቀጥ ብሎ በቆመ ግንድ ላይ ተለጥፋ ትሠራለች። ታዲያ ስለ ምን አትወድቅም? ከእግርዋ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፥ ሁለቱ ወደ ኋላ ሆነው ቅርፊቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። የጅራትዋም ላባዎች ጠንካሮችና ጫፋቸው የሾለ ስለ ሆነ፥ በግንዱ ላይ ተተክለው ሰውነትዋን ይደግፋሉ። ደብተራ በማሕሌት ሌሊቱን ሲቆም በመቋሚያው እንደሚደገፍ፥ እርስዋም በጅራትዋ ትደገፋለች።

ወፎች ሁሉ አሮጌ ላባቸውን እየጣሉ አዲስ ያበቅላሉ። ግንደ ቆርቁር የጅራትዋን ላባ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብትጥል ኖሮ ምርኩዝ ባጣች ነበር። ስለዚህ በመካከል ያሉት ሁለቱ ብርቱ ላባዎች የሚወድቁት፥ ሌሎቹ በአዲስ ከተተኩ በኋላ ነው። አዲስ ምርኩዝ ሳይዝ አሮጌውን የሚጥል ሰው ከዚህች ወፍ ይማር። ወንጭፍ የያዘ ልጅም ድንጋዩን ከመወርወሩ በፊት፥ ይህች ወፍ ዛፍ የሚበሉትን ትሎች እንደምታጠፋ ያስብ።

ዐጥንት ሰባሪው አሞራ

በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ፥ በአገጩ ሥር ጢም የመሰለ ጥቁር ላባ ያለው ትልቅ አሞራ ይኖራል። ክንፉን በዘረጋ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል። ጅራቱ ረዥም ነው፤ ወደ ጫፉም እየሾለ ይሄዳል። በጣና ባሕር ላይ ታንኳ የሚነዳ ሰው በመቅዘፊያው ታንኳውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንደሚመልስ፥ ይህም አሞራ በጅራቱ አካሉን በነፋስ መካከል ይመራል።

ሌሎቹ አሞራዎች ሥጋውን በልተው ሲሄዱ፥ እርሱ የተረፈውን ዐጥንት ይወስዳል። ትንሹን ዐጥንት እንዳለ ይውጠዋል። ትልቁን ግን ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ከከፍታ በዐለት ላይ ይጥለዋል፤ በተሰበረም ጊዜ ወርዶ ስብርባሪውን ይበላል። በእስፓኝ ሰዎች ቋንቋ ስሙ «ዐጥንት ሰባሪ» ማለት ነው። ዐጥንቱን የሚሰብርለት ዐለት ነው እንጂ ጅራቱ አይደለም። ጅራቱ መሪ ብቻ ነው፤ ማንንም አይወጋም።

ጃርት

ጃርት ቀን በጉድጓድ ተኝቶ ውሎ፥ ሌሊት ወጥቶ ሥራ ሥርና እህል ይበላል። ድንቹንና በቆሎውን ስለሚያጠፋበት ገበሬ አይወደውም። በጀርባው ያሉት እሾሆች እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ናቸው። በጅራቱ ላይ ደግሞ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ አጫጭር እሾሆች አሉ፤ ጅራቱን ባወዛወዘ ጊዜ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ እንደ ጸናጽል ይንሿሿሉ።

ብዙ ሰዎች፥ «ጃርት እሾሁን እንደ ፍላጻ ይወረውራል» ይላሉ። ይህ ግን እውነት አይደለም። ጃርት ጠላት ሲመጣበት አስቀድሞ እሾሁን ያቆማል፤ ቀጥሎ ጅራቱን ያንሿሿል፤ ደግሞም መሬቱን በእግሩ ይደበድባል። ይህ ሁሉ፥ «ተመለስ፤ አትቅረበኝ» ማለት ነው። ጠላቱ ባይመለስ ግን ጀርባውን አዙሮ ወደ ኋላ ይሮጥበታል። ያን ጊዜ እሾሁ በጠላቱ ሥጋ ላይ ተተክሎ ከጃርቱ ቆዳ በቀላሉ ይነቀላል። እሾህ የተወጋው ነብር ወይም አንበሳ ቍስሉ አመርቅዞ ማደን እስኪያቅተው ድረስ ሊታመም ይችላል። እንግዲህ ጃርት የሚወጋው ማስጠንቀቂያውን ያልሰማውን ነው።

እሾሃም ጅራት ያለው እንሽላሊት

በዐረብና በግብጽ ምድረ በዳ፥ ጅራቱ ዙሪያውን በሾሉ ቅርፊቶች የተከበበ ትልቅ እንሽላሊት አለ። ምግቡ ከሁሉ ይልቅ ቅጠልና ሣር ነው። ጠላት ባየ ጊዜ ሮጦ በራሱ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ጅራቱን ግን ወደ ደጃፉ ያደርጋል። እጁን የሚሰድድበትን በዚያ ጅራት ይገርፈዋል። ለእርሱ ጅራቱ የቤቱ መዝጊያ ነው። ሰው ደጁን ቢዘጋ ክፉ ነው እንደማይባል፥ ይህም እንሽላሊት ቤቱን ስለ ጠበቀ ክፉ አይባልም።

ጊንጥ

ጊንጥ ስምንት እግርና ሁለት መቆንጠጫ አለው። ጅራቱ አምስት አንጓ ነው፤ በመጨረሻውም መርዝ የተሞላ ከረጢትና የተቆለመመ መውጊያ አለ። ይሁን እንጂ ጊንጥ መርዙን በከንቱ አያፈስስም። ብዙ ጊዜ ትንንሹን ነፍሳት በመቆንጠጫው ብቻ ይዞ ይበላል፤ መርዙ ካለቀ በኋላ ሌላ እስኪተካ ድረስ ጊዜ ይፈልጋልና። እናቲቱም ልጆችዋን ከወለደች በኋላ፥ ቆዳቸውን መጀመሪያ እስኪለውጡ ድረስ በጀርባዋ ተሸክማ ትኖራለች።

ልጆች ሆይ፤ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙ። ድንጋይና የተከመረ እንጨት ስታነሡ እጃችሁን ወደማታዩት ስፍራ አትስደዱ። በሌሊት ያለ ብርሃንና ያለ ጫማ አትውጡ፤ ጫማችሁንም ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉት። ጊንጥ የነደፈውን ሰው፥ ይልቁንም ሕፃን ከሆነ፥ የተነደፈውን ስፍራ በምላጭ ሳይበጡ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

አንበሳ

በመጨረሻ የአራዊትን ንጉሥ እንመልከት። በአንበሳ ጅራት ጫፍ ጥቁር የጠጉር ቁንጮ አለ። በዚያ ጠጉር ውስጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የምታህል ጠንካራ ሹል ነገር ተሰውራ ትገኛለች። ደቦሉ ሲወለድ የጠጉሩ ቁንጮ የለውም፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ይወጣለታል። በጥንት ዘመን አንዳንድ ሰዎች፥ «አንበሳ በዚህች ሹል ጎኑን እየወጋ ራሱን ለቍጣ ያስነሣል» ይሉ ነበር። ዛሬ የአራዊትን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ጥቅምዋ ምን እንደ ሆነ ገና አላገኙትም። አንበሳ የሚያድነው በጥፍሩና በጥርሱ ነው። ከሁሉ የሚበረታው አውሬ የጅራቱን ስለት በጠጉር ሸፍኖ ይሄዳል።

ከዚህ የምንማረው

እንግዲህ መርምረን ያገኘነው ይህ ነው። የሾለ ጅራት ለአንዲቱ ምርኩዝ፥ ለአንዱ መሪ፥ ለአንዱ መዝጊያ ነው። የሚወጉትም ቢሆኑ፥ ጃርት አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ጊንጥም መርዙን ይቆጥባል። ስለዚህ፥ «የሾለ ሁሉ ለመውጋት ነው» ያለው ሰው ሳይመረምር ፈርዶአል።

ሰው ጅራት የለውም፤ ነገር ግን ስለት አልጎደለውም። የሰው ስለት ምላሱ ነው። በምላስ ያዘነውን ማጽናናት፥ የሳተውን መምራት፥ የተበደለውን መደገፍ ይቻላል። በዚያው ምላስ ደግሞ በጓደኛው የተቀደደ ልብስ የሚሳለቅ፥ የሚንተባተበውንም ልጅ ንባብ እየደገመ የሚያሥቅ ተማሪ አለ። የጃርት እሾህ የተተከለበት ሥጋ ለብዙ ቀን ያመረቅዛል፤ በልጅነት የተወጋ ልብም እንዲሁ ነው። ያ ልጅ መጽሐፉን አጥፎ ሁለተኛ ወደ ትምህርት ቤት ሳይመለስ ይቀር ይሆናል። አባቶቻችን፥ «ካፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የሾለ ቃል በአፋችሁ በመጣ ጊዜ፥ «ይህ ለወንድሜ ምርኩዝ ይሆነዋልን? ወይስ ይወጋዋል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ምርኩዝ የሚሆን ከሆነ ተናገሩት፤ የሚወጋ ከሆነ ግን አንበሳ ሹሉን እንደሚሰውር ሰውሩት።

ጥያቄ

1. ግንደ ቆርቁር በቆመ ግንድ ላይ ስትሠራ የማትወድቀው ስለ ምንድር ነው?
2. በመካከል ያሉት የጅራትዋ ላባዎች መቼ ይወድቃሉ?
3. ዐጥንት ሰባሪው አሞራ ትልቁን ዐጥንት እንዴት ይሰብራል?
4. ሰዎች ስለ ጃርት የሚናገሩት የትኛው ነገር እውነት አይደለም?
5. እንሽላሊቱ ጅራቱን ወደ ደጃፉ የሚያደርገው ለምንድር ነው?
6. ከጊንጥ ለመጠበቅ ምን ምን ማድረግ ይገባል?
7. የሰው ስለት ምንድር ነው? ምርኩዝ የሚሆነውስ መቼ ነው?